ሰደቃ የወጣው ሶፍትዌር

እናንተዬ፣ እንደ ነፃ ነገር ዋጋው የሚከብድ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። በነፃ የመጡ አራት ሲዲዎች ድምፄን፣ የመላጫ መስታወቴንና አንድ ሌላ ነገር ወስደውብኛል። ያን ሌላውን ነገር ከአሁኑ ካነሳሁት ስለሚያናድደኝ ወደ መጨረሻው ላቆየው።

የነገሩ ሥር አፌ ነው። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። የራሴን መመለጥ እንኳ ፀጉር ቆራጩ ነግሮኛል፤ የአፌን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

የምኖረው ገዳሪፍ ነበር። ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ በሐጂ ኑሩ ግቢ ጥግ፣ በገዛ እጄ ጡብ ደርድሬ ቆርቆሮ የመታሁባት አንዲት ክፍል ነበረችኝ። በሱዳን ምድር የእኔ የምላት ንብረት እሷ ብቻ ስለነበረች በሯን በከፈትኩ ቁጥር ቤተ መንግሥት የምገባ ይመስለኝ ነበር። ሐጂ ኑሩ የጎንደር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው መጥተው በሰሊጥ ንግድ ያረጁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቃላቸው የማይነቃነቅ ሽማግሌ። እኔን የመሰለ ለፍላፊ በግቢያቸው ያስጠጉት ለጽድቅ ካልሆነ ለሌላ ሊሆን አይችልም።

አንድ ቀን ሐጂ፣ ከተማውን ለቅቆ ከሚሄድ የእርዳታ ቢሮ ሐራጅ ላይ ማቀዝቀዣ ገዙ። ሻጮቹ ዕቃ ለመጨረስ ቸኩለው ኖሮ አንድ ኮምፒውተር መረቁላቸው። ሐጂ ቴሌቪዥን መስሏቸው ሳሎን አስቀመጡት፣ ጥልፍ ልብስ አለበሱት፣ ዜና እስኪጀምር ጠበቁ። ዜና የለም። በመጨረሻ ብርቄ ዘንድ ሻይ ስንጠጣ ብሶታቸውን አወጡት። ብርቄ ከሐጂ መጋዘን ፊት ለፊት በዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላ የመተማ ልጅ ናት። በእሷ በርጩማዎች ላይ የተወራ ነገር ከሬዲዮ ቀድሞ ከተማውን ያዳርሳል።

«ይኼ ቴሌቪዥን ዲዳ ነው መሰለኝ» አሉ ሐጂ።

ዝም ብዬ ሻዬን ብጠጣ ምን ነበረበት? «ሐጂ፣ ቴሌቪዥን አይደለም እኮ፣ ኮምፒውተር ነው! ለእኔ ይስጡኝና መንገድ ለመንገድ የሚውሉትን የአገራችንን ልጆች ላስተምርበት። ከእኔ እጅ የሚያመልጥ ኮምፒውተር ገና አልተሠራም» አልኩ። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። ሲያዩኝ ደግሞ ይብስብኛል። ካርቱም ተማርኩ፣ መምህሬ እንኳ ሲቸግረው እኔን ይጠይቅ ነበር፣ ምን ያላልኩት አለ!

ሐጂ አሰቡና «ትንሿን መጋዘን እሰጥሃለሁ» አሉኝ። «መስቀል አልፎ የመጀመሪያው ሰሊጥ ሲገባ ልጆቹ ተቀምጠው ሲማሩ ካየሁ ለዘለቄታው የልጆቹ ትሁን። ካላየሁ ሰሊጤን እከምርባታለሁ።» ገዳሪፍን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በሰሊጥ ወቅት እዚያ ከተማ ሰው ከነሚስቱ ውጭ አድሮ ጆንያውን ቤት ያሳድራል። በማግስቱ እናቶች ሁሉ መንገድ ላይ «ኡስታዝ» እያሉ እጅ ይነሱኝ ጀመር። አንዷማ ልጇን ይዛ መጥታ «አጥንቱ የእኔ፣ ሥጋው የአንተ» ብላ አስረከበችኝ።

ማሽኑን መጋዘኗ ውስጥ ተክዬ ሳበራው ግን ወገቤ ተቆረጠ። እኔ የተማርኩት ሥዕል እየነኩ የሚሠሩበትን ዓይነት ነው። ይኼኛው ዩኒክስ የሚሉት ሆኖ ተገኘ። ዩኒክስ ሥዕል የማይወድ፣ በጽሑፍ ካላዘዙት የማይነቃነቅ፣ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንዲት ነጭ ሰረዝ እያርገበገበ «እህ?» የሚል ኩሩ ፍጡር ነው። ካርቱም እንዲህ ያለ አንድ ነበር። መምህራችን በአጠገቡ ሲያሳልፈን «እንዳትነኩት» ይለን ነበር፤ በዩኒክስ ላይ ያለኝ ትምህርት በሙሉ ይኸው ነው። ይባስ ብሎ ውስጡ ባዶ ነው። መጻፊያ የለ፣ ማስሊያ የለ፣ መጫወቻ የለ። አዲስ ጎጆ እንደወጣ ሰው ቤት ጣሪያና ግድግዳ አለው፣ ድስት የለውም።

ካርቱም ላለ ጓደኛዬ ደውዬ ላለቅስ ምንም ሳይቀረኝ ነገርኩት። «ምን ያስጨንቅሃል!» አለኝ። «በየአገሩ ያሉ ሰዎች ለዩኒክስ የሚሆን ሶፍትዌር እየሠሩ በነፃ ይሰጣሉ። ተሰብስቦ በአራት ሲዲ ወጥቷል። አንደኛውን ታስገባለህ፣ እሱ ሲያልቅ ሁለተኛውን ይጠይቅሃል፣ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛው ነው። አንዱ ከጎደለ ግን ሥራው አይሞላም።» ሲዲዎቹን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በቴምር ከረጢት ውስጥ ላከልኝ። ቴምሩን ሹፌሩ በልቶታል፤ ሲዲዎቹ በሰላም ደረሱ።

ሐጂ ሳጥኑን ተቀብለው አገላበጡት። «በነፃ ነው የምትለኝ? ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም አልፈለጉም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አልኩና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ቆሜ ተረጎምኩላቸው። «ያገኘ ይጠቀምበት። እየቀዳ ለጎረቤቱ ያካፍል። የተቀበለ ሰው ሌላው እንዳያገኝ መከልከል አይችልም።»

የሐጂ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው?»

«አይመስለኝም፣ ሐጂ።»

«አይ፣ አላህ ይምራቸው! ወላሂ ይኼ ሰደቃ ነው!»

«ሰደቃ ነው እንጂ! ሰደቃ ማለት ይኼ ነው!» አልኩ እኔም። ይህችን ቃል ባልጨምር ኖሮ ይህን ወግ ባላነበባችሁት ነበር።

አንደኛውን ሲዲ አስገባሁ። ማሽኑ እያጉረመረመ፣ እንደ ባቄላ ጫኝ ግመል እየተንቀራፈፈ ሥራውን ጀመረ። ቀትር ሆነ። በገዳሪፍ ቀትር የሚሠራ ፀሐይ ብቻ ነው፤ ውሻው እንኳ ጥላ ይዞ ይተኛል። እኔም ወደ ቤተ መንግሥቴ ገብቼ ጋደም አልኩ። ተነስቼ ስመለስ ማሽኑ አንደኛውን ጨርሶ «ሁለተኛውን አምጣ» ይላል። ሳጥኑን ስከፍት ወረቀቱ ብቻውን ተጋድሟል።

ሐጂ ግቢ ውስጥ ውዱእ ያደርጋሉ። «ሐጂ፣ ሲዲዎቹ የት ሄዱ?»

«አወጣኋቸው» አሉኝ ተረጋግተው። «ሰደቃ ቤት ውስጥ አያድርም። አንተ ስትተኛ ጊዜ እኔ አከፋፈልኩልህ። አንዱን ለብርቄ፣ አንዱን ለባለራክሻው ለሸምሱ፣ አንዱን ደግሞ ስንቅ ሊገዛ መጥቶ ለነበረው ለአያ ሞላ። የመጀመሪያውን ማሽኑ ነክሶ አልለቅም አለኝ እንጂ እሱም ባለቤት አያጣም ነበር።»

«ሐጂ! እነሱ እኮ ኮምፒውተር የላቸውም!»

«ለሰው ሥጋ ስትሰጥ ጥርስ አለህ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ?»

«እንግዲያው ዞሬ መልሱልኝ ልበላቸዋ» ስላቸው የሐጂ ፊት ጠቆረ። በግቢው ስኖር እንደዚያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። «ከእጄ የወጣ ሰደቃ በገበያ መልሱ ሲባል ከምሰማ ሞቴን እመርጣለሁ። ካስፈለገህ በራስህ ስም ለምን፣ ለውጥ፣ አገልግል። መልሱ የምትል ቃል ከአፍህ የወጣች ቀን ግን መጋዘኗን እርሳት።» በዚያው ቀን የሐጂ ተሸካሚዎች የመጋዘኗ በር ላይ ቁጭ ብለው ካርታ መጫወት ጀምረው ነበር። ሰሊጡ ታጭዷል፤ ሎሪው ዛሬ ነገ እየተባለ ነው።

ከቅርቡ ጀመርኩ። ብርቄ ሁለተኛውን ሲዲ የስኳር ጣሳ ከድናበታለች። ዝንቡ በሲዲው ላይ ይንሸራተታል፣ መሐል ያለችው ቀዳዳ ደግሞ ለማንኪያው እጀታ ልክ ናት። «ብርቄ፣ በሞቴ ይችን ክዳን አውሺኝ» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ! ሐጂ በእጃቸው የሰጡኝን? ይኼ ነገር ከመጣ ወዲህ በርጩማ አልበቃኝም፤ ሰው ሊያየው ይመጣል፣ ሳያስበው ሻይ ያዛል።»

«ለአንድ ቀን ብቻ።»

አየችኝና ዓይኗ ሳቀ። «መጀመሪያ ዛሬን ዝንቡን እሽ እያልክ ብርጭቆ እጠብልኝ። ከአንተ እጅ የሚያመልጥ ብርጭቆ ገና አልተሠራም አይደል?» አጠብኩላችሁ። ያን ሁሉ የፎከርኩላቸው ሰዎች እየመጡ፣ እየተቀመጡ፣ «ኡስታዝ፣ ይቺ ትንሽ ሳሙና ቀርቷታል» እያሉ ብርጭቆ ያቀብሉኛል። ያቺ «አጥንቱ የእኔ» ያለችኝ እናት ልጇን ይዛ በዚያ ስታልፍ ልጁን ወደ ሌላ ጎኗ አዞረችው። በመጨረሻ ሲዲውን ስቀበላት ስኳርና የሻይ እንፋሎት ተጋግሮበት ይልሱት ነበር። በሎሚና በሳሙና አሽቼ ሳስገባው ማሽኑ አላማረረም።

ሸምሱ ቀጠለ። ሸምሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ ጀምሮ በዓረብኛ የሚጨርስ የሐበሻ ልጅ ነው። ሲዲዋን ራክሻ በሚላት ባጃጁ ጀርባ ላይ እንደ መብራት እንድታንጸባርቅ በሽቦ አስሯታል። ችግሩ በገዳሪፍ ያለ ራክሻ ሁሉ ጀርባው ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አያጣም። እኔ በየመንገዱ ጎንበስ ብዬ የራክሻ ጀርባ ስመረምር አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ ምን እንደጠፋኝ ጠየቀኝ። «ለዩኒክስ የሚሆን ሶፍትዌር» ብዬ ብነግረው በሐዘኔታ ለቀቀኝ።

«ያ ኡስታዝ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!» አለ ሸምሱ ሳገኘው። «ውሰዳት። ግን ከኋላ ምን ላድርግ? ሎሪ ካላየኝ ኻላስ፣ ሞቻለሁ።» ለውጥ ተብዬ የለ? የመላጫ መስታወቴን አምጥቼ ሰጠሁት። ሲዲዋ በአቧራ ተፍቃ ስለነበር በጥርስ ሳሙና ወልውዬ አስገባኋት። ማሽኑ ብዙ አመነታ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዋጣት። «አራተኛውን አምጣ» አለ።

አያ ሞላ ግን ከተማ የለም። ከአርማጭሆ ለሥራ የመጣ የቀን ሠራተኞች አለቃ ነው፤ ስንቁን ገዝቶ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ወዳለው የማሽላ እርሻ ተመልሷል። ሸምሱ በራክሻው ከአስፋልቱ ጫፍ አደረሰኝና ራክሻውን አቁሞ በባዶ እግሩ ተከተለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው የዝናብ ርዝራዥ ያልለቀቀው ዋልካ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማዬ ላይ አንድ ጡብ ይጨመርበታል፤ እርሻው ስንደርስ ሸምሱን በቁመት በልጬው ነበር።

አያ ሞላ ማማው ላይ ወንጭፉን ታቅፎ ተቀምጧል። በአጠገቡ ረጅም እንጨት ተተክሏል፣ ጫፉ ላይ አራተኛው ሲዲ በክር ተንጠልጥሎ ነፋሱ ሲያሽከረክረው የፀሐይ ጨረር በማሽላው ላይ ይረጫል። ማሽላው ወተት የያዘበት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ግሪሳ ወፍ ደመና ሆኖ መጥቶ አንድ እርሻ በአንድ ጧት ባዶ አገዳ አድርጎ ይሄዳል።

«አያ ሞላ፣ እንደምን ዋሉ? እቺን ሲዲ ቢያውሱኝ ብዬ ነበር።»

«ታየዋለህ ይኼን?» አለኝ በአገጩ ወደ ላይ እያሳየኝ። «ሐጂ ጸበል ጻዲቅ ነው ብሎ ሰጠኝ። እኔ ጉዱን አላወቅሁም፣ እንዲያው ሲያብለጨልጭ አየሁና ሰቀልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግሪሳው ይመጣል፣ ያየዋል፣ ዞሮ ይሄዳል። ማሽላው ከተበላ እኔም ከእኔ ጋር ያሉትም ልጆች ባዶ እጃችንን አገር እንገባለን። እና አውሰኝ ትለኛለህ?»

ለውጥ ቢያስፈልግ ብዬ ከከተማ ይዤ የመጣሁትን አንድ የዘፈን ሲዲ አቀረብኩ። አያ ሞላ ፍትሐዊ ሰው ነው፤ ያንን አውርዶ ይኼን ሰቀለ። ምላችሁ እነግራችኋለሁ፣ አንድ ግሪሳ መጥቶ ዘፈኑ ላይ ቆመበት። ጀርባው ላይ የታተመ ወረቀት ስለተለጠፈበት እንደዚያኛው ብርሃን አይረጭም ነበር፤ ለእኔ ግን ወፉ ያሾፈብኝ ነው የመሰለኝ።

«እንግዲያስ» አለ አያ ሞላ «ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ሲዲው እዚህ ይቁም አንተ ሂድ፣ ወይ አንተ እዚህ ቁም ሲዲው ይሂድ።»

እኔ ከሌለሁ ሲዲውን ማን ያስገባዋል? ሲዲው ከሌለ እኔ ምን ላስገባ? እዚያ ዋልካ ላይ ተዘፍዝፌ ወደ ከተማው አቅጣጫ አየሁ። እነዚያ እናቶች ኡስታዝ ያሉኝ ነገር፣ ልጆቹ ለደብተራቸው ልባስ ጋዜጣ ሲለቅሙ ያየሁት ነገር ፊቴ ድቅን አለ። ለፉከራዬ አልነበረም ያኔ ያዘንኩት፤ ለእነሱ ነው። ይኼኔ ራሴ ቆሜ ለሐጂ የተረጎምኩት ቃል ትዝ አለኝ። እየቀዳ ያካፍል! ገበያው መሐል አዲስ የሲዲ መቅጃ ያስመጣ ካሴት ቤት አለ! ሲዲዎቹ በደረሱ ዕለት ቀድቼ ቢሆን ብርጭቆ አላጥብ፣ መስታወቴን አላጣ፣ ዋልካ አልረግጥ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሲዲውን አስቀድቶ እንዲመልስ ሸምሱን ላክሁና እኔ በሲዲው ፋንታ ማማ ላይ ወጣሁ። ቀትሩ ደህና ነበር፤ ወፉም ጥላ ይይዛል። ጥላው ሲረዝም ግን የግሪሳው ደመና መጣ። ወንጭፉን ባሽከረክር ድንጋዩ የገዛ ጆሮዬን መታኝ። የቀረኝ ጩኸት ነው። ጮህኩ፣ አጨበጨብኩ፣ የማውቀውን ፉከራ ሁሉ ደረደርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፉከራዬ የሚፈራው አገኘ። አያ ሞላ ከታች ሆኖ «ሲዲው ይሻላል፣ ውሃ ስጡኝ አይልም» ይለኛል። ፀሐይ ልትገባ ስትል ሸምሱ ዋናውንም ቅጂውንም ይዞ መጣ። ካሴት ቤቱ ሳይቀዳው ምን ዘፈን እንደሆነ ሊሰማ ማጫወቻ ውስጥ ቢከተው ሲዲው እሪ ብሎበት «ይኼ ዘፋኝስ ሐኪም ቤት ይሂድ» አለ አሉ። ዋናው ወደ እንጨቱ ተመለሰ። እኔ ከማማው ስወርድ ድምፄ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ጧት ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም አስቀድቼ ዋናዎቹን ለባለቤቶቻቸው መለስኩ። ሸምሱ ሲዲዋን ተቀብሎ ከመስታወቱ ጎን አሰራት። መስታወቴን በእጄ ባሳየው «ያ ኡስታዝ፣ የሰጡት ይመለሳል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጢሜን የምላጨው የብርቄን የሻይ ትሪ እያየሁ ነው።

አራተኛው ገብቶ እንዳለቀ ውጭ የሎሪ ጥሩምባ ተሰማ። ሰሊጡ መጣ። ተሸካሚዎቹ ካርታቸውን አጥፈው ጆንያ ተሸክመው የመጋዘኗ በር ላይ ተሰለፉ። ልጆቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል፣ እናቶቻቸው በመስኮት፣ ብርቄ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች። ሐጂ ገቡና ማሽኑን አዩ። ጥቁር መስኮት፣ አንዲት ነጭ ሰረዝ።

«ይኼው ነው?» አሉ።

ያን ሁሉ ዘመን ሳይፈለግ የለፈለፈ አፍ በተፈለገበት ሰዓት ሽሽሽ ብቻ አለ። ከስብስቡ ውስጥ ስም ሲሰጡት በኮከብ ደርድሮ ግድግዳ የሚያህል ፊደል የሚጽፍ ነገር እንዳለ ወረቀቱ ላይ አይቼ ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ስም ጻፍኩለት። ኮከቦቹ እየተንጠባጠቡ ወረዱ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ፊደሉን ቆጠሩና «ኑሩ!» ብለው ጮኹ።

«ሱብሃነላህ፣ ስሜን ማን ነገረው?» አሉ ሐጂ ወደ ኋላ እያሉ። ከዚያ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። «ብርቄ፣ የሰጠሁሽን ነጠቀሽ?» ብርቄ ወጥታ የስኳር ጣሳዋን ከነክዳኑ አምጥታ አሳየች። ሸምሱም ራክሻውን በጣቱ አሳየ፣ የአያ ሞላም ተሰቅላለች ብሎ ማለ። «ታዲያ እዚህ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?» አሉ ሐጂ።

«ተቀድቶ ነው፣ ሐጂ» አለ ሸምሱ። «ለሁሉም አለ፣ እዚህም አለ። ወላሂ ምንም አልጎደለም።»

ሐጂ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከልጆቹ መሐል ጆንያው ላይ ተቀመጡ። «ሰጥተውት የማይጎድል ነገር በዕድሜዬ ዛሬ አየሁ። መጋዘኗ የልጆቹ ናት።» እናቶች እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው፣ አልደብቃችሁም።

«ሐጂ፣ ሰሊጡስ?» አለ የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ጆንያው አንገቱን እያጎበጠው።

ሐጂ ዙሪያቸውን አዩ፣ በበሩ ወደ ግቢው አዩ፣ ዓይናቸው ግቢው ጥግ ያለችው የእኔ ክፍል ላይ አረፈ። «ኡስታዝ» አሉኝ በፍቅር «ለእነዚህ ልጆች ብለህ ክፍልህን ሰደቃ ትሰጠናለህ አይደል?» አይ ልል አፌን ከፈትኩ። ሽሽሽ። እጄን ባወናጭፍ ምርቃት የምቀበል መስሏቸው «አሚን!» አሉ ሁሉም። «ዝምታ እሺታ ነው፣ አስገቡት» አሉ ሐጂ።

ድምፄ ተመልሶ ሲመጣ በቀጥታ የሄድኩት ወደ እሳቸው ነው። «ሐጂ፣ ስለዚያች ክፍሌ…» ብዬ ጀመርኩ። ሐጂ እንደ አባት ትከሻዬን ያዙኝ። «ልጄ፣ ሰደቃ ይመለሳል?»

እናም ወቅቱን ሙሉ ከሰሊጥ ጆንያ ክምር ላይ፣ ከገዛ ቆርቆሮዬ ሥር አፍንጫዬ ጣሪያውን እየነካ ተኛሁ። ከጎን ልጆቹ ዩኒክስን እየተቀባበሉ የእናታቸውን ስም በኮከብ ሲጽፉ እሰማቸዋለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ ሰሊጡም ያሳክከኛል። ሲዲ እየቀዱ ቢሰጡት አይጎድልም። ክፍል ግን፣ እናንተዬ፣ አይቀዳም።